ቅርስና መተዳደሪያ፦ ስለ ኪንጋይት ሥዕሎች

ስለ ኢኑይት ሥዕል የሚጻፈው ትችት ብዙ ጊዜ ከአንድ ሐሳብ ይነሣል፤ ይኸውም ሥዕሉ የሚከበረውም ገዢ የሚያገኘውም የጥንት ቅርስ ስለሆነ ነው የሚል ነው። ሐሳቡ ለምስጋና የተነገረ ቢሆንም፥ በሰሜን ካናዳ፥ በባፊን ደሴት ጠረፍ የምትገኘውን የኪንጋይትን መንደር ታሪክ ለመረመረ ሰው ጐደሎነቱ ይገለጣል።

በመጀመሪያ ደረጃ፥ የኅትመት ጥበብ በዚያ አገር ጥንታዊ አይደለም። ጄምስ ሂውስተን የተባለው ካናዳዊ በ1958 (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው) ወደ ጃፓን ሄዶ የእንጨት ኅትመት ተምሮ ተመለሰ፤ የመንደሩም ሰዎች ዘዴውን ከድንጋይ ቀረጻ ልማዳቸው ጋር አዋሐዱት። በ1959 የኅብረት ሥራ ማኅበር ተቋቋመ፤ የዓመታዊ ስብስቦቹም መጀመሪያ የዚሁ ዓመት ነው። አንዱ ይሥላል፥ ሁለተኛው በድንጋይ ላይ ይቀርጻል፥ ሦስተኛው ያትማል፤ ሥራውን ለገበያ የሚያቀርበው ማኅበሩ ነው።

ታዲያ ጥበቡ አዲስ ከሆነ የተወረሰው ምንድን ነው? መልሱን በአንድ ቤተ ሰብ ውስጥ እናገኘዋለን። ፒትሴኦላክ አሹና ባሏ ሞቶባት ልጆቿን ብቻዋን ያሳደገች እናት ነበረች። አስቀድማ ልብስ እየሰፋች ትሸጥ ነበር፤ በኋላ ግን የሽማግሌውን የኪያክሹክን ሥዕሎች አይታ እርሷም መሣል ጀመረች። በ1983 እስክታርፍ ድረስ ከ7,000 የሚበልጡ ሥዕሎችን ሠራች፤ በነዚህም ድንኳኑን፥ ጉዞውንና የአደን ኑሮውን እንደኖረችው አሳየች። ልጇ ናፓቺ ፑቱጉክ በበኩሏ በመጨረሻ ዓመቶቿ ያለ ፈቃዳቸው የተዳሩትን ሴቶች መከራ ሣለች። የልጅ ልጇ አኒ ፑቱጉክ (1969–2016) ደግሞ በቴሌቪዥን ፊት የተቀመጠ ቤተ ሰብን፥ ሚስቱን የሚደበድብ ባልን ሣለች፤ በ2006ም የካናዳን የሶቢ የሥነ ጥበብ ሽልማት ተቀበለች።

ቅርስን ከጥንታዊ መልክ ጋር አንድ የሚያደርግ ተቺ የአኒን ሥራ ከኢኑይት ጥበብ ውጭ ሊያደርገው ይገደዳል። እኛ ግን ፍርዱን አንቀበለውም። አያቲቱ ያወረሰችው ድንኳኑን አይደለም፤ የኖሩትን ሳይሸሽጉ መሣልን፥ በዚያም ቤት ማስተዳደርን ነው። የልጅ ልጇም ይህንኑ ጠበቀች። አያቷን እየሣለች ሳለች ያሳየችበት ሥዕል ለዚህ በቂ ምስክር ነው።

ይሁን እንጂ ቅርስ መተዳደሪያ ሲሆን አደጋ አለበት። ገዢ የወደደው መልክ እንዲደጋገም ይሻል። ኬኖጁአክ አሼቫክ በ1960 የሠራችው፥ በ1970 በካናዳ ቴምብር ላይ የወጣው ጉጉት በእውነት ድንቅ ነው፤ ነገር ግን የእርሷ ምናብ ፍሬ እንጂ ለመንደሩ ሁሉ የተደነገገ ምልክት አይደለም። ከእያንዳንዱ እጅ ጉጉት ብቻ የሚጠብቅ ገበያ ሠዓሊውን ወደ ገልባጭነት ያወርደዋል፤ ተቺውም ገበያውን ተከትሎ ከፈረደ የጥፋቱ ተባባሪ ይሆናል።

ስለዚህ የሕዝቦችን ባህል የምናጠና ሰዎች አንድን ሥራ ስንመዘግብ ዕድሜውንና መልኩን ብቻ መጻፍ አይበቃንም። ማን እንደ ሠራው፥ ከማን እንደ ተማረው፥ ዋጋውስ ለማን እንደ ደረሰ አብረን ልንጽፍ ይገባናል። ይህ ካልተጻፈ የሕያዋንን ሥራ ከሙታን ዕቃ ጋር እንደ መቍጠር ነው።