ማዕድንን በፍላክስ አቅልጦ ለኤክስሬይ ፍሎረሰንስ ማዘጋጀት

ኤክስሬይ ፍሎረሰንስ፣ ማለትም ናሙናው በኤክስሬይ ሲመታ እያንዳንዱ ንጥረ ነገር መልሶ የሚያመነጨውን የራሱን ጨረር የመለካት ዘዴ፣ በደቃቅ ዱቄት ላይ ብቻ ሲሠራበት ያሳስታል። ከሶዲየም፣ ከማግኒዚየምና ከሲሊከን የሚወጣው ጨረር ደካማ በመሆኑ ከገጹ ጥቂት ማይክሮሜትር ብቻ ዘልቆ ስለሚመጣ፣ ያው የሲሊካ መጠን በኳርትዝ ሲገኝና በፌልድስፓር ሲገኝ የተለያየ ንባብ ይሰጣል። ፈርናንድ ክሌስ እ.ኤ.አ. በ1956 በካናዳ ኩቤክ ያቀረበው መፍትሔ ማዕድኑን በቦሬት ጨው አሟሙቶ ወደ መስታወት ዲስክ መለወጥ ነበር፤ ማዕድኑ ሲሟሟ የቅንጣት መጠኑም ሆነ የክሪስታል አወቃቀሩ አብሮ ይጠፋል።

ፍላክስ የሚባለው ይህ አሟሚ ጨው ዛሬ በአብዛኛው ሊቲየም ቴትራቦሬት፣ ሊቲየም ሜታቦሬት ወይም የሁለቱ ድብልቅ ሲሆን፣ ሊቲየምና ቦሮን እጅግ ቀላል በመሆናቸው ምርመራውን የሚያውክ ጨረር አይሰጡም። ምርጫው ግን በልማድ ሊወሰን አይገባውም። ቴትራቦሬት የአሲድነት ጠባይ ስላለው ኖራ ድንጋይንና ሌሎች ቤዛዊ ኦክሳይዶችን በደንብ ያሟሟል፤ ቤዛዊው ሜታቦሬት ደግሞ ሲሊካ ለበዛበት አለት ይመረጣል፣ ብቻውን ሲሆን ግን ሲቀዘቅዝ ወደ ክሪስታልነት ስለሚያዘነብል ዲስኩ መስታወትነቱን ያጣል። ለሁሉም ናሙና አንድ ድብልቅ የሚጠቀም ቤተ ሙከራ ጊዜ ይቆጥብ ይሆናል፤ ዲስኩ ወደ ብርሃን ተይዞ ሲታይ ከሥሩ የሚታዩት ነጫጭ ነጥቦች ግን ያልሟሙ ቅንጣቶች ናቸው፣ በእነርሱ ላይ የተመሠረተ ቁጥርም አይታመንም።

ቅልጡ 95 በመቶ ፕላቲነምና 5 በመቶ ወርቅ ከሆነ ማቅለጫ ጽዋ ላይ እንዳይጣበቅ ጥቂት ብሮማይድ ወይም አዮዳይድ ይጨመራል። ይህም ዋጋ አለው፤ የብሮሚን ጨረር በአሉሚኒየም፣ የአዮዲን ደግሞ በቲታኒየም ጨረር ላይ ስለሚደራረብ፣ ባለሙያው የሚፈልገውን ንጥረ ነገር አስቀድሞ ማወቅ አለበት። ሰልፋይድ ያለበት ማዕድን ከሆነ ጉዳዩ የንብረት ጭምር ነው፦ ሰልፋይዱ በናይትሬት ቀድሞ ካልተኦክሰደ፣ በ1,000 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ባለው ሙቀት ውዱን ፕላቲነም ያበላሻል።

ከሁሉ የሚናቀው ሥራ ፍላክሱን መመዘን ነው። ለአንድ እጅ ናሙና አሥር እጅ ያህል ፍላክስ የሚገባ በመሆኑ፣ ከአየር እርጥበት የሳበ ፍላክስ ሚዛን ላይ ትክክለኛ ክብደት አሳይቶ ምድጃ ውስጥ ውሃውን ሲያጣ የማቅጠኛው መጠን ሳይታወቅ ይለወጣል፤ ስለዚህ ፍላክሱም እንደ ናሙናው አስቀድሞ ተተኩሶ፣ የጠፋው ክብደት ተሰልቶ ነው ወደ ጽዋው የሚገባው። ማቅጠኑ ራሱም በትንሽ መጠን የሚገኙ ንጥረ ነገሮችን ከመለኪያው አቅም በታች ሊያወርድ ስለሚችል፣ እነርሱን የሚፈልግ ተንታኝ ከዲስኩ ጎን ለጎን ያልቀጠነ ዱቄት ጨፍልቆ ያዘጋጃል።