አሞሌ፣ ጥይትና ማስቲካ

ሪቻርድ ፓንክረስት በ1965 እ.ኤ.አ. በ«ኢትዮጵያ ኦብዘርቨር» መጽሔት ያወጡት የአገራችን የገንዘብና የባንክ ታሪክ ጥናት ዛሬም ጉዳዩን የሚያነሳ ሁሉ ሳይጠቅሰው የማያልፈው ሥራ ነው። ቅሬታዬ የሚጀምረው ከአከፋፈሉ ነው፤ «ጥንታዊ ገንዘብ» በአንድ ወገን፣ «ገንዘብ» በሌላ ወገን። አሞሌውን እንውሰድ። ከአፋር በረሃ ተቆርጦ በግመልና በበቅሎ ወደ ደጋ ሲወጣ፣ አገሩ በራቀ ቁጥር ዋጋው ይንራል። ጠርዙ ከተሸራረፈ ስለሚረክስም ዙሪያው በልጥ ይጠፈራል። ይህን ሁሉ ሥርዓት «ጥንታዊ» ብሎ መለየት ምን ይጠቅማል?

ጥይቱ ደግሞ ይብሳል። ማሪያ ቴሬዛ ብር ለበርበሬና ለጎመን ግዢ ትልቅ ስለነበር፣ ምኒልክ በፓሪስ ካስቀረጿቸው የ1887 ዓ.ም. ሳንቲሞች በኋላም ቢሆን ጥይት በየገበያው ለዝርዝር ሲያገለግል ቆይቷል። እኔ ብሆን ከዚህ ምዕራፍ ጎን ጀርመንን አስቀምጥ ነበር። በአንደኛው የዓለም ጦርነት መዳቡና ኒኬሉ ለጦር መሣሪያ ሲሄድ፣ ሕዝቡም ብሩን ሲደብቅ፣ ትናንሽ ከተሞች ሳይቀሩ በብረትና በዚንክ የራሳቸውን ሳንቲም አወጡ። ኖትጌልድ ይሉታል፤ በአንድ ገጹ የከተማው አርማ፣ በሌላው 5 ወይም 10 ፌኒግ። እዚያ የሳንቲሙ መዳብ ቀለህ ሆነ፤ እኛ ዘንድ ጥይቱ ሳንቲም ሆነ። ዝርዝር መጥፋቱ ግን ያው ነው።

ፓንክረስት በአብዛኛው የተደገፉት በአውሮፓ ተጓዦች ማስታወሻ ላይ ነው፤ ተጓዥ ደግሞ ምንዛሬ መቁጠር ይወዳል። ስለዚህ አንድ ብር በየአገሩ ስንት አሞሌ እንደሚያወጣ እንማራለን፤ ባለጉሊቷ ለምን እንደምትቀበለው ግን በጨረፍታ ብቻ።

ጥያቄው ያረጀ እንዳይመስለን። ጳውሎስ ሆስፒታል አካባቢ ለታማሚ ውኃና ብስኩት ሲገዙ «ዝርዝር የለም» ተብሎ መዳፍ ላይ ሁለት ማስቲካ ይቀመጣል። በማግስቱ ያንኑ ማስቲካ ይዞ ዳቦ ልግዛ ያለ ሰው መሳቂያ ነው። ኖትጌልድን ያወጣው ማዘጋጃ ቤት ግን መልሶ ሊቀበል ቃል ገብቷል፤ ቃሉ ካልተጠበቀ በእጅ የሚቀረው የሚዝግ ብረት ነው። ጥይትና አሞሌ የማንንም ቃል አይጠብቁም፤ የሚቀበል ከጠፋ አንዱ ይተኮሳል፣ ሌላው ወጥ ውስጥ ይገባል። «ጥንታዊ» የተባለው መደብ ከዚህ አንጻር ቢመረመር ኖሮ የጥናቱ አከፋፈል ራሱ ሌላ ይሆን ነበር።