የጭቃ ቤት ምርጊት
የጭቃ ቤት የሚጀመረው ከባሕር ዛፍ እንጨት፣ ከአጠና ነው፤ በአዲስ አበባ ኮልፌ ቀራንዮ ይህ እንጨት አጠና ተራ በተባለው ገበያ ይሸመታል። ቋሚው ተተክሎ ማገሩ በምስማር ከተመታ በኋላ አፈርና የጤፍ ጭድ በውኃ ተለውሶ በእግር ይረገጣል፤ ለቀናትም ይቦካል። ጥበቡ ያለው እዚህ ላይ ነው። ጭዱ ሲበሰብስ ጭቃው ይጣበቃል፣ ሲደርቅም ስንጥቁ ይቀንሳል፤ ያልቦካ ምርጊት ግን ሳይውል ሳያድር ይረግፋል። ባሕር ዛፍ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ከገባ ወዲህ ብዙው የአዲስ አበባ ቤት የተሠራው እንዲህ ነው። ርካሽ ነው፣ የሌሊቱን ብርድም ይመክታል፤ ጠላቱ ከሥሩ የሚገባው እርጥበት ነው። ከ1990ዎቹ አጋማሽ ወዲህ ኮንዶሚኒየምና ብሎኬት ቦታውን እየወሰዱ መጥተዋል። አጠናው ግን ከሥራ አልወጣም፤ ለፎቅ ግንባታ መወጣጫና ለኮንክሪት ድጋፍ ይቆማል።