ሣጥኑ የሚለውና ማስመሪያው የሚለው

የማስተማሪያ መርጃ መሣሪያ እንደ መጽሐፍ ሁሉ ሊመረመርና ሊተች ይገባዋል። መጽሐፍ ሲሳሳት እርማት እንጽፋለን፤ ካርታ፣ ሉል ወይም ሞዴል ሲሳሳት ግን ብዙውን ጊዜ ሳናየው እናልፋለን። በዚህ ጽሑፍ የምንተቸው ከፕላስቲክ የተሠራ፣ በማጣበቂያ የሚገጣጠም አንድ የጄት አውሮፕላን ሞዴል ነው። ሣጥኑ ላይ «ቦይንግ 720ቢ፣ መስፈርት 1፡144» የሚል ጽሑፍ ይገኛል። ጉዳያችን ከሞዴሉ እንጂ ከድርጅቱ ስላልሆነ የአምራቹን ስም አናነሣም።

ይህን አውሮፕላን የመረጥነው ያለ ምክንያት አይደለም። ቦይንግ 720ቢ የኢትዮጵያ አየር መንገድ የመጀመሪያው ጄት ነበር። ሁለት አውሮፕላኖች በ1955 ዓ.ም. አገር ገብተው በዚያው ዓመት ሥራ ጀመሩ። የልደታ ማረፊያ ለጄት የማይበቃ በመሆኑም የቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ተሠራ። ዛሬ አየር መንገዱ በዚህ ዓይነት አውሮፕላን አይጠቀምም፤ ቢሆንም ታሪኩን የሰማ ተማሪ መስፈርትን ከባዶ ቁጥር ይልቅ በዚህ አውሮፕላን ቢማር ይቀለዋል ብለን አሰብን።

ለእጩ መምህራን የሰጠነው ጥያቄ ቀላል ነበር፤ «የሞዴሉን ርዝመት ለክታችሁ የእውነተኛውን አውሮፕላን ርዝመት አስሉ» የሚል ነው። የመልሱን ቁልፍ ያዘጋጀነው ግን ሞዴሉን ለክተን ሳይሆን ከሣጥኑ ውስጥ ካለው የመመሪያ ወረቀት ነበር። ወረቀቱ አውሮፕላኑ ወደ 41.5 ሜትር ይረዝማል ይላል፤ ይህም ትክክል ነው። ለ144 ሲካፈል 288 ሚሊ ሜትር ያህል ይሆናል። አብዛኞቹ እጩዎች ወረቀቱን አይተው ወደ ኋላ በማስላት 288 ብለው ጻፉ፤ ሙሉ ማርክም አገኙ። አንዱ ግን 306 ሚሊ ሜትር ብሎ ጻፈ፤ በ144 አባዝቶም 44.06 ሜትር አለ። ከአሥር ሦስት ሰጠነው፤ በኅዳጉም ላይ «በጥንቃቄ ለካ» ብለን በቀይ ጻፍንበት።

በማግሥቱ ሞዴሉንና ማስመሪያውን ይዞ ወደ ቢሯችን መጣ። «እባክዎ እርስዎ ራስዎ ይለኩት» አለን። ለካነው። 306 ነበር።

ሁለት ጊዜ ደግመን ከለካን በኋላ ምክንያቱን መፈለግ ያዝን። ቦይንግ 720ን የሠራው 707-120 የተባለውን ቀደምት አውሮፕላን 2.54 ሜትር ያህል በማሳጠር ነው። በ1፡144 መስፈርት ይህ ወደ 18 ሚሊ ሜትር ይጠጋል። 306 እና 288 የሚለያዩትም በ18 ነው። እንግዲህ በእጃችን ያለው አካል የ720ቢ ሳይሆን የታላቅ ወንድሙ የ707-120 ነበር ማለት ነው። ሣጥኑና ወረቀቱ ስለ አንድ አውሮፕላን ሲናገሩ ፎርማው የሌላውን አውጥቷል።

አንድ ስሕተት ከተገኘ ሌላም ይኖራል ብለን ሞዴሉን በሙሉ መረመርነው። እውነቱን ለመናገር የክንፉ ስፋት ከጫፍ እስከ ጫፍ ትክክል ነው፤ 39.88 ሜትር ለ144 ሲካፈል 277 ሚሊ ሜትር ይሆናል፤ ሞዴሉም 277 ነው። ለነገሩ የ720ና የ707-120 የክንፍ ስፋት አንድ ስለሆነ ይህ አያስመሰግነውም። የቀሩት ጉድለቶች ሦስት ናቸው።

አንደኛው የአካሉ ቁርጥ ነው። እውነተኛው አካል ክብ ቧንቧ አይደለም፤ ወርዱ 3.76 ሜትር፣ ቁመቱ 4.33 ሜትር ሆኖ ሁለት ክቦች አንዱ በአንዱ ላይ የተደራረቡበት ቅርጽ አለው። ላይኛው ለመንገደኛ፣ ታችኛው ለጭነት ነው። በሞዴሉ ላይ 26 በ30 ሚሊ ሜትር መሆን ሲገባው 28 በ28 ሆኖ አገኘነው። ሁለተኛው የክንፉ የፊት ጠርዝ ነው። በ720 ላይ ከአካሉ እስከ ውስጠኛው ሞተር ያለው ጠርዝ ወደ ፊት ወጣ ያለ ሲሆን ሞዴሉ ቀጥ ያለውን የቀድሞውን ጠርዝ ይዟል። ሦስተኛው ሞተሩ ነው። «ቢ» የሚለው ፊደል ከፊት ማራገቢያ ያለውን የፕራት ኤንድ ዊትኒ ጄቲ3ዲ ሞተር ያመለክታል፤ የዚህ ሞተር ሽፋን ከፊት በኩል ወፈር ይላል። የሞዴሉ ሞተሮች ግን ማራገቢያ የሌለው የቀድሞው ዓይነት ቀጫጭን ናቸው።

እርማቱን ከእጩዎቹ ጋር አንድ ላይ ሠራነው። መጀመሪያ ከጎን የተነሣ ፎቶግራፍ ፈለግን። ከቅርብና ከማዕዘን የተነሣ ፎቶግራፍ አፍንጫውን ከጅራቱ አስበልጦ ስለሚያሳይ ለዚህ ሥራ አይረዳም። ከሩቅ፣ ከጎን በቀጥታ ከተነሣው ላይ ከአፍንጫው እስከ ክንፉ ሥር ያለውን ርቀት ለጠቅላላው ርዝመት አካፈልን፤ ባገኘነው ንጽጽርም ከክንፉ ፊትና ኋላ ምን ያህል እንደሚቆረጥ ወሰንን። በቀጭን መጋዝ ከቆረጥን በኋላ አካሉን መልሰን አጣበቅነው።

ቁርጡን ለማስተካከል የግራና የቀኙን ግማሽ የመጋጠሚያ ጠርዝ እያንዳንዳቸውን 1 ሚሊ ሜትር ሞረድናቸው፤ ወርዱ 26 ሆነ። ከዚያም በወለሉ መሥመር ላይ አግድም ሰንጥቀን 2 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው የፕላስቲክ ቁራጭ አስገባንበት። ክፍተቱን በስቱኮ ሞልተን በብርጭቆ ወረቀት አለሰለስነው። እጃችን እንዳያታልለን የቁርጡን ቅርጽ ከካርቶን ቆርጠን እንደ መለኪያ ተጠቀምንበት፤ ካርቶኑ ሲጠጋ ብርሃን ካሳለፈ ገና ነው ማለት ነው። ለክንፉ ጠርዝ ሦስት ማዕዘን የፕላስቲክ ቁራጭ አጣበቅን፤ ለሞተሮቹም ከፊታቸው ቀለበት አጠለቅንላቸው። ክንፎቹ ወደ ላይ 7 ዲግሪ ማቅናት ስላለባቸው ከአካሉ እስከ ጫፍ ያለውን 125 ሚሊ ሜትር በታንጀንት 7 ዲግሪ አባዝተን ጫፉ ወደ 15 ሚሊ ሜትር ከፍ እንዲል አደረግን። ከትሪጎኖሜትሪ ጋር ተኳርፎ የነበረ አንድ እጩ በዚህ ቀን ታረቀ።

የራሳችንንም ሥራ መተቸት ይኖርብናል። አፍንጫው ትንሽ የደነዘ መስሎን ሳንለካ በዓይናችን ብቻ እየገመትን ሞረድነው። ሲጨረስ ከካርቶኑ ጋር ሲነጻጸር ከሚገባው በላይ ሾሎ ተገኘ፤ እንደገና በስቱኮ መሙላት ግድ ሆነ። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ይሏል ይህ ነው። ከዚያ ወዲህ ማቆሚያ አበጀን፤ ልዩነቱ ከግማሽ ሚሊ ሜትር ካነሰ አንነካውም። ግማሽ ሚሊ ሜትር በእውነተኛው አውሮፕላን 7 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው፤ ክንድ ያህል ርቀት ላይ ሆኖ ሞዴሉን ለሚያይ ሰው አይታወቅም።

ታዲያ ስለዚህ ሞዴል ምን እንፍረድ? ለጌጥ የሚፈልገው ሰው ቢገዛው አይከፋውም፤ ከሩቅ ያምራል። የ720ቢ ሞዴል ነው ተብሎ መሸጡ ግን ትክክል አይደለም። መስፈርት ቃል ኪዳን ነው፤ 1፡144 ብሎ የጻፈ ሰው እያንዳንዱ ሚሊ ሜትር 144 ሚሊ ሜትር ይወክላል ብሎ ቃል ገብቷል። በመርጃ መሣሪያነቱ ሲታይ ደግሞ ጉዳዩ ይለያል። ሞዴሉ ፍጹም ቢሆን ኖሮ እጩዎቹ ወረቀቱን አንብበው በወጡ ነበር። ስሕተቱ ማስመሪያ አስጨበጣቸው፤ ምሥጋናው ግን ስሕተቱን ላገኘው እንጂ ስሕተቱን ለሠራው አይደለም።

ትልቁ ነቀፌታ የሚገባው ለእኛ ነው። ለክቶ የመለሰውን ጥለን ሳይለኩ የመለሱትን አሳለፍን፤ እጩዎቻችንም ነገ በየትምህርት ቤቱ ይህንኑ እንዲያደርጉ ልናስተምራቸው ምንም አልቀረንም ነበር። በክፍሉ ፊት ስሕተታችንን ተናግረን የልጁን ማርክ ከአሥር አሥር አደረግነው። የሌሎቹን አልቀነስንም፤ ቁልፉን ያሳሳትነው እኛ ነንና። ሁሉም ግን ማስመሪያ ይዘው እንደገና እንዲለኩ አደረግን።

መምህራን ሆይ፣ በመደርደሪያችሁ ያለውን ሉል፣ የልብ ሞዴል ወይም የግድግዳ ካርታ አውርዳችሁ ለኩት። ተማሪዎችም መልሳችሁ ከቁልፉ ሲለይ ወዲያው አትሰርዙት፤ መጀመሪያ ደግማችሁ ለኩ፤ ከዚያም ማስመሪያውን ይዛችሁ በትሕትና መምህራችሁ ዘንድ ሂዱ። የታረመው አውሮፕላን ዛሬ በመደርደሪያችን ላይ ቆሟል። ከሥሩ ያለው ካርድ ሁለት ቁጥሮች ይዟል፤ 306 እና 288። አጠገቡ ማስመሪያ አስቀምጠናል።