የቆመ ማሽን ባትሪ

በ2016 ዓ.ም. የፒያሳ ኮሪደር ሥራ በተፋፋመበት ጊዜ ምኒልክ አደባባይ አካባቢ ኤክስካቫተርና ሎደር ሌት ተቀን ይሠሩ ነበር። እንዲህ በሚሠራ ማሽን ላይ የባትሪ ጣጣ እምብዛም አይታይም፤ ዲናሞው ሲሞላው ይውላል፣ ያድራል። ጣጣው የሚመጣው ሥራው አልቆ ማሽኑ ግቢ ሲገባ፣ ወይም እንደ ፎቆቹ ተጠባባቂ ጄኔሬተር መብራት እስኪጠፋ ጥጉን ይዞ ሲቀመጥ ነው። በዐፄ ምኒልክ ዘመን ሰርኪስ ተርዚያን ያስመጣው፣ ሕዝቡም «የሰርኪስ ባቡር» ያለው የእንፋሎት ማሽን እሳትና ውሃ ካገኘ ይበቃው ነበር። የዛሬው የናፍጣ ሞተር ግን ሞተሪኖውን የሚያዞርለት ባትሪ ከሌለ አይነቃነቅም። ባትሪው በሞተ ቁጥር «አርጅቷል» ብሎ አዲስ መግዛት ተለምዷል። እኔ ግን የቆመ ማሽን ባትሪ በአብዛኛው የሚሞተው በአያያዝ ጉድለት ነው እላለሁ። ከጉድለቶቹም የከፋው እንደ መፍትሔ የተያዘው ልማድ ነው፦ በየሳምንቱ አስነስቶ አምስት ደቂቃ ማሞቅ።

ሂሳቡን እንየው። ማሽኑ ጠፍቶም ኮምፒውተሩ፣ ሬዲዮው፣ ጂፒኤሱ ጥቂት በጥቂት ይስባሉ። አንድ ላይ 50 ሚሊአምፔር ቢስቡ በሳምንት 8.4 አምፔር ሰዓት ይሄዳል፤ 100 አምፔር ሰዓት የሚይዝ ባትሪ በ40 ቀን ገደማ ግማሹን ያጣል። ባትሪ ምንም ሳይነካም በራሱ ይደክማል፤ ይህ ግን ቆላ ላይ የሚብስ ነው፣ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ባለችው አዲስ አበባ ብርዱ ያዘገየዋል። ስለዚህ እዚህ ዋናው ሌባ ያ ስውር ፍጆታ ነው። ማስነሳቱ እንደሚባለው ብዙ አይበላም፤ 500 አምፔር ለአምስት ሰከንድ ቢስብ ከ1 አምፔር ሰዓት አያልፍም። ዲናሞው በዝቅተኛ ዙር 30 አምፔር ቢሰጥ በአምስት ደቂቃ የሚመልሰው 2.5 ነው። የማስነሻው ዕዳ ተከፈለ፤ የሳምንቱ ግን አልተከፈለም። ጉድለቱ ሲደራረብ ፕሌቶቹ ላይ የሚቀረው የእርሳስ ሰልፌት ይጠነክራል፤ ከጠነከረ በኋላ ባትሪው ቻርጀር ላይ ቢያድርም የቀድሞ አቅሙ አይመለስም።

ከሁለት ሳምንት በላይ የሚቆም ማሽን የባትሪ ማጥፊያው ይጥፋ። ማጥፊያ ከሌለው ኔጌቲቩ ይፈታ፤ ሲፈታ መጀመሪያ፣ ሲታሰር መጨረሻ እሱ ነው፣ መፍቻው ቦዲ ቢነካ እንዳይተኩስ። ከዚያ በየወሩ መለካት ነው። ጥቂት ሰዓት ያረፈ ባትሪ 12.6 ቮልትና ከዚያ በላይ ካለው ሙሉ ነው፤ 12.4 ሲደርስ ቻርጅ ይፈልጋል፤ 12 ላይ ሊያልቅ ምንም አልቀረውም። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚስተው ነገር አለ። ከባድ ማሽን ሁለት ባትሪ በተከታታይ አስሮ በ24 ቮልት ስለሚሠራ፣ ሜትሩን ከዳር እስከ ዳር አድርጎ 24.8 ያነበበ ሰው ደህና ነው ብሎ ይሄዳል። ያ ቁጥር ግን 12.7 እና 12.1 ተደምሮ ሊሆን ይችላል። አንዱ ሊሞት ነው፣ ሌላውንም ይጎትተዋል። ለየብቻ መለካት፣ ለየብቻም መሙላት የግድ ነው።

«ሞተር ካልዞረ ይደርቃል» የሚሉ መካኒኮች አሉ፤ እውነት አላቸው። ግን የሚጠቅመው በወር አንዴ ጭነት ሰጥቶ እስኪግል ግማሽ ሰዓት ያህል ማሠራት ነው፤ የአምስት ደቂቃ ማሞቅ ዘይቱ ውስጥ የገባውን እርጥበት እንኳ አያወጣም። ባለቤቶች ደግሞ ማጥፊያው ሲጠፋ ጂፒኤሱም አብሮ ይጠፋል፣ ማሽኑ ቢሰረቅስ ይላሉ። ሥጋቱ የሚናቅ አይደለም። መልሱ ለጂፒኤሱ የራሱን ትንሽ ባትሪና ሶላር መስጠት ነው፤ ክረምት ላይ ደመናው ስለሚበዛ እሱም ይለካ። በአዳዲስ ማሽኖች ላይ ደግሞ ቁልፉ እንደጠፋ ማጥፊያውን መንካት ኮምፒውተሩን ሊጎዳ ይችላል፤ መመሪያው የሚያዘውን ደቂቃ መጠበቅ ነው።

ከሁሉም የሚከብደው የጄኔሬተሩ ጉዳይ ነው። መብራት በጠፋበት ቅጽበት መነሳት ስላለበት ባትሪው አይፈታም። ያለ ቋሚ ቻርጀር መኖር የለበትም፤ ክዳኑ የሚከፈት ባትሪ ከሆነም የተጣራ ውሃው ይታይለት። ቻርጀሩ ግን የሚሠራው በመብራት ስለሆነ፣ መብራት ሄዶ በመጣ ቁጥር መነሳቱን ማረጋገጥ ያስፈልጋል። በ24 ቮልት ባትሪ ላይ 27 አካባቢ ከተነበበ ቻርጀሩ እየሞላ ነው። ሜትሩ 25.4 ላይ ከቆመ ባትሪው ዛሬ ሙሉ ቢሆንም ቻርጀሩ ሥራ አቁሟል፤ መጀመሪያ የሚታየው ፊውዙ ነው።