«ብርሃነ ሔዋን» በቂያስ ሚዛን

ያለዕድሜ ጋብቻ በልጃገረድ ላይ የሚያደርሰው ጉዳት እዚህ አያከራክርም፤ የምንመረምረው የቀረበውን መድኃኒት ነው። በአማራ ክልል ሞሰቦ እ.ኤ.አ. ከ2004 እስከ 2006 የተካሄደው «ብርሃነ ሔዋን» የልጃገረዶችን ቡድን፣ የትምህርት ቁሳቁስን፣ የማኅበረሰብ ውይይትንና በፍጻሜው የሚሰጥ የቤት እንስሳን በአንድነት አቀረበ። አናቤል ኤሩልካርና ዩኒስ ሙቴንጊ እ.ኤ.አ. በ2009 ያሳተሙት ግምገማ ቀበሌውን ፕሮግራሙ ካልደረሰበት አንድ ሌላ ስፍራ ጋር ያነጻጽራል።

ውጤቱ ሁለት ፊት አለው። ከ10 እስከ 14 ዓመት ባሉት ልጃገረዶች ዘንድ የማግባት ዕድል እጅግ ዝቅ ብሎ ታየ፤ ከ15 እስከ 19 ባሉት ግን ያገቡት በፕሮግራሙ ስፍራ በዝተው ተገኙ። የመጀመሪያውን ጠቅሶ ሁለተኛውን መተው፣ የሐዲስ ሊቃውንት የከለከሉት፣ ትርጉምን እስኪያዛባ ዘገባን የማሳጠር ስሕተት ነው።

ከዚህ የሚከብደው የዒላው ጥያቄ ነው። አራት ነገሮች ባንድ ላይ ሲሰጡ ጋብቻውን ያዘገየው የትኛው እንደሆነ አይለይም፤ ዒላው ያልታወቀ ፍርድ ደግሞ ወደ ሌላ ጉዳይ በቂያስ አይሻገርም። የኡሱል ሊቃውንት «አስ-ሰብር ወት-ተቅሲም» የሚሉት፣ ሊሆኑ የሚችሉትን ምክንያቶች ዘርዝሮ አንድ በአንድ የመፈተን መንገድ፣ ለዚህ የተበጀ ነው። በኋላ በኢትዮጵያ የተደረገው ሙከራ ይህንኑ አደረገ፤ ድጋፎቹን በየስፍራው ነጣጥሎ ሰጠ። የትምህርት ቁሳቁስ በተሰጠበት፣ ከ12 እስከ 14 ዓመት ያሉት ልጃገረዶች የማግባት ዕድል በ94 በመቶ ቀነሰ። ሳያገቡ በትምህርት ለቆዩት በየዓመቱ ሁለት ዶሮ በተሰጠበት ደግሞ፣ ከ15 እስከ 17 ባሉት ዘንድ በግማሽ ወረደ። እንግዲህ ዒላው እንደ ዕድሜው ይለያያል።

ሞሰቦ አስል፣ አዲ አርቃይ ፈርዕ ቢሆኑ፣ ጥያቄው ዒላው በሁለቱም መኖሩ ነው። ወላጅ ልጁን የሚድረው ደብተር መግዣ አጥቶ ከሆነ ቂያሱ ይሠራል። ለሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ከተማ ወርዳ፣ ቤት ተከራይታ ብቻዋን መኖሯን ፈርቶ ከሆነ ግን ደብተሩ ፍርሃቱን አያነሣም፤ የሚያስፈልገው የታመነ ማደሪያ ነው።

ሱረቱል ሑጁራት በስድስተኛው አንቀጽ ያዘዘው ማጣራት «ጥናት አረጋግጧል» የሚለውንም፣ «ከውጭ የመጣ ነው» ብሎ የሚገፋውንም ይመለከታል። በሁለቱም ስሕተት የምትጎዳው ልጅቷ ናት። ኒካሕ የሚያስር ኢማም የሙሽራዋን ዕድሜ፣ ትምህርቷን ያቋረጠችበትን ክፍልና ምክንያቱን በየዓመቱ ቢመዘግብ፣ መምህሩም ከትምህርት ቤቱ መዝገብ ጋር ቢያስተያየው፣ የአካባቢው ዒላ ከግምት ወጥቶ ይታወቃል። ዕድሜዋ 18 ያልሞላ ሆኖ ሲያገኘው ደግሞ መዝገቡን ዘግቶ ኒካሑን ማቆየት የእርሱ ድርሻ ነው።