ሄሪንግ የሚያዋኝ ቢላዋ

መስከረም ሲጠባ ኮሆ የሚባለው ሳልመን ከውቅያኖስ ወደ ፒዩጀት ሳውንድ ይገባል። ሲያትል ለምንኖር ሐበሾች ወቅቱ ከእንቁጣጣሽ ጋር ይገጥምልናል። አራት ጓደኛሞች ገንዘብ አዋጥተን ካፒቴን ከነጀልባው ያዝን። ገና ሳይነጋ ከሺልሾል ወደብ ተነሥተን ወደ ሰሜን፣ ከዊድቢ ደሴት ደቡባዊ ጫፍ ወዳለው ፖዘሽን ባር ሄድን። ብርድ ነበር፤ ቡና በፔርሙዝ ይዘናል። የእኔ ዓይን ግን ከካፒቴኑ መክተፊያ ላይ አልተነሣም።

መክተፊያው ነጭ ፕላስቲክ ነው፤ ከጀልባው ጠርዝ ጋር በብሎን ታስሯል። አጠገቡ ቀጭን ቢላዋ፣ ፒንሳና አንድ ባልዲ አለ። ባልዲው ውስጥ በጨው ውኃ ያደሩ ሄሪንጎች አሉ። ሄሪንግ ሳልመን የሚመገባት ትንሽ ዓሣ ናት፤ እነዚህ 15 ሳንቲሜትር ገደማ ይሆናሉ። ጨው ውስጥ ማደራቸው ሥጋቸውን ያጠነክረዋል። ሥጋዋ የላላ ሄሪንግ መንጠቆ አትይዝም፤ ቅርፊቷም ቶሎ ይረግፋል። ቅርፊቷ ከረገፈ ብልጭታዋ ሄደ። ለዚህ ነው ካፒቴኑ ሁልጊዜ ጭንቅላቷን በሁለት ጣት ይዞ የሚያነሣት። ጭንቅላቷ ተቆርጦ የሚጣል ስለሆነ፣ ጣቱ ያረፈበት ቦታ ምንም አይጎድልባትም።

ቆረጣው አንዴ ብቻ ነው። ሄሪንጓን በጎኗ ያስተኛታል። ቢላዋው ከስንጥቧ ክዳን ጥቂት ወደ ኋላ ያርፋል። ከጀርባ ወደ ሆድ ቀጥ ብሎ አይወርድም፤ ወደ 45 ዲግሪ ያጋድላል። በዚያው ላይ ስለቱ ራሱ ወደ ውስጥ ያዘነብላል። በዚህ ምክንያት የተቆረጠው ፊት አንድ ጎኑ ከሌላው ይረዝማል። ቢላዋው አይመላለስም፤ አንዴ ተጭኖ ይወጣል። ከዚያ በጫፉ የሆድ ዕቃዋን አንዴ ጠምዝዞ ያወጣና ውስጧን ያጥባል። ይህን አንግል ለመጠበቅ ቢላዋ የሚገባበት ስንጥቅ ያለው ትንሽ ሣጥን ይሸጣል። ካፒቴኑ በዓይኑ ይለካል። ከእኛ መሀል ባለሙያዋ፣ “ይኼ ሰው ዶሮ ቢሰጡት 12 ብልት አያጎድልም” አለች። ከእሷ አፍ ይህ ትልቅ ምስክርነት ነው።

ያ የተጋደለ ፊት ሄሪንጓን ሞታም ያዋኛታል። ውኃው አንዱን ጎን ከሌላው አብልጦ ስለሚገፋው ትሽከረከራለች። ቺኑክ የሚባለው ሌላው ሳልመን ዝግ ያለ ሰፊ መንከባለል ይወዳል ይባላል፤ ኮሆን የሚጠራው ግን ጠበቅ ያለ ፈጣን ሽክርክሪት ነው።

መንጠቆዎቹ ሁለት ናቸው፤ በአንድ ናይለን ክር ላይ ተከታትለው ታስረዋል። ክሩ በመንጠቆው ዓይን ካለፈ በኋላ አገዳው ላይ ሰባት ጊዜ ተጠምጥሟል። ጥምጥሙ አይደራረብም፤ ጎን ለጎን እንደ ጥልፍ ይሰለፋል። ካፒቴኑ ከማጥበቁ በፊት በምራቁ ያርሰዋል፤ ደረቅ ናይለን ሲጠብቅ በፍትጊያ ይሞቅና ይደክማል። ዓሣ እንዳያመልጥ የምታደርገውን፣ ወደ ኋላ የተቀሰረችውን እሾህ በፒንሳ ጨፍልቋታል፤ ደንቡ ያዛል።

የላይኛው መንጠቆ በተቆረጠው ፊት ገብቶ በጀርባ አጥንቷ አጠገብ ይወጣል። ሁለተኛው ከጎኗ ተንጠልጥሎ ይከተላል። ካፒቴኑ ሄሪንጓን ከጀልባው ጎን ውኃ ውስጥ አድርጎ በዝግታ ጎተታት። ሰፊ ክብ ሠራች። አወጣት። መንጠቆውን ነቅሎ ወደ ጀርባ አጥንቷ ሁለት ሚሊሜትር ያህል አስጠግቶ ተከለው። እንደገና ጎተታት። አሁን እንደ እንዝርት ሾረች፤ ጎኗ በየዙሩ ብልጭ ይላል። ዘንጉን የሰጠን ይህን ካየ በኋላ ነው።

ዘንጉ ከሦስት ሜትር ይበልጣል። ከሄሪንጓ ሁለት ሜትር ያህል በፊት እንደ ግማሽ ጨረቃ የጎበጠ እርሳስ አለ። ጥልቀቱ የሚለካው በእጅ ነው፤ ከማጠንጠኛው እስከ ዘንጉ የመጀመሪያ ቀለበት ክሩን አንዴ መሳብ 60 ሳንቲሜትር ገደማ ያወርዳል። “ሠላሳ” አለን። ሠላሳ ቆጠርን፤ 18 ሜትር መሆኑ ነው።

የእኔ ክር በድንገት ላላ። ዓሣው ይጎትታል ብዬ ነበር የጠበቅሁት። ለካ ኮሆ ሄሪንጓን ይዞ ወደ ላይ ሲዋኝ እርሳሱ ክብደቱን ያጣል። ካፒቴኑ “ጠቅልል፣ ጠቅልል” አለኝ። ዓሣው ጀልባው ሥር ሲደርስ መረቡን አልዘረጋም፤ ጎንበስ ብሎ ጀርባውን አየ። በትልቁ የጀርባ ክንፍና በጅራቱ መሀል የጣት ጫፍ የምታክል ሥጋማ ክንፍ አለች። በማራቢያ ከተፈለፈሉት አብዛኞቹ ገና ትንንሽ ሳሉ ይህች ክንፍ ትቆረጥባቸዋለች። የእኔው ዓሣ ክንፉ ሙሉ ነበር፤ ስለዚህ እንደ ወንዝ ልጅ ይቆጠራል፤ በዚያ ውኃ መያዝ አልተፈቀደም ነበር። ወደ ጀልባው እንኳ አላነሣውም። ፒንሳውን ሰድዶ መንጠቆውን አንዴ ገለበጠው። እሾህ ስለሌለው ያለ ትግል ወጣ። ዓሣው ጥቂት ቆይቶ ወደ ታች ጠለቀ።

መንጠቆው ላይ የሄሪንጓ ቁራጭ ብቻ ቀርቶ ነበር። ካፒቴኑ አራገፈው፤ ክሩን በጣቶቹ መሀል እያንሸራተተ የተላጠ ቦታ እንዳለው ዳሰሰው። ከዚያ ቢላዋውን አጥቦ ከባልዲው ሌላ ሄሪንግ አነሣ፤ በጭንቅላቷ ይዞ።